የካራቴና የጁዶ ታሪክ ለእኛ ምን ያስተምረናል?



ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ማለዳ ማለዳ ወጣቶች ተሰልፈው ሲራገጡና በአንድ ድምፅ ሲጮኹ የማይሰማ የካምፓችን ነዋሪ የለም። የካራቴ ቡድን አቋቁመዋል። ዓላማቸው መልካም ነው። ማገዶ ለመልቀም ከደረቁ ወንዝ ማዶ የሚሄዱ እናቶቻችንና እኅቶቻችን በመንገድ ላይ የሚደርስባቸውን ድብደባና ከዚያም የከፋውን ነገር ሁላችንም እናውቃለን። እነዚህ ልጆች «እያየን ዝም አንልም» ብለው ተነሡ። ለዚህ ሊመሰገኑ ይገባል።

ሆኖም ከሦስት ሳምንት በፊት ከእነዚሁ ወጣቶች የአንዱ እናት ወደ ማታው ትምህርት ቤት መጥተው፣ «እናንተ አስተማሪዎች መጽሐፍ ታነባላችሁ። እስቲ ንገሩኝ ልጆቼ፤ ይኸ ልጄ ጧት ጧት የሚማረው ነገር እውነት ቢላዋ ያስጥላል? ወይስ ልጄን ያሳጣኛል?» ሲሉ ጠየቁን። ወዲያው የምንሰጣቸው መልስ አልነበረንም። «እናጣራለን» ብለን ሸኘናቸው።

የእኚህ እናት ፍርሃት ከሜዳ የበቀለ አይደለም። ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቻችን አንዱ በምሽት መንገድ ላይ ቢላዋ የያዘ ቀማኛ ገጠመው። በፊልም እንዳየው አድርጎ የሰውየውን እጅ ሊይዝ ሲሞክር ስለቱን ጨበጠው። የመዳፉ ጅማት ተቆረጠ። ዛሬ የቀኝ እጁ ጣቶች አይታጠፉም፤ በግራ እጁ መጻፍ እንደገና እየተማረ ነው።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለማየት ፈለግን። እነዚህ የትግል ጥበቦች ከየት መጡ? እነማን አስተማሯቸው? ምናቸው እውነት ነው? ምናቸውስ ወሬ ነው? በምንጽፈው ሁሉ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ከወጌሻ ቤት የተጀመረ ትምህርት

ጂጎሮ ካኖ በ1860 በጃፓን ኮቤ ከተማ አጠገብ ሚካጌ በሚባል ስፍራ ተወለደ። ለትምህርት ወደ ቶክዮ ሲመጣ ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱም ደቃቃ ስለነበረ ጉልበተኛ ተማሪዎች መጫወቻ አደረጉት። ትንሹ ሰው ትልቁን የሚጥልበት ጁጂትሱ የሚባል ጥበብ መኖሩን ሰምቶ አስተማሪ ይፈልግ ጀመር።

ዘመኑ ግን ለዚህ ጥበብ የማይመች ነበር። ከ1868ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ሳሙራይ የተባሉት የጦር መደብ ሰዎች ማዕርጋቸውን አጥተዋል። በ1876 ሰይፍ ታጥቆ መሄድ በአዋጅ ተከለከለ። ከጁጂትሱ ጌቶች ብዙዎቹ የተሰበረ አጥንት የሚጠግኑ ወጌሾች ሆነው ነበር የሚተዳደሩት። ወጣቱ ካኖም የወጌሻ ቤት እየዞረ ሲጠይቅ ቆይቶ በ1877 ፉኩዳ ሃቺኖሱኬ ከሚባል መምህር ዘንድ ገባ። በኋላም ከሌሎች ሁለት መምህራን ተማረ።

በዚያን ጊዜ የነበረው ጁጂትሱ ሁለት ዓይነት ነገር ያስተምር ነበር። አንደኛው መጣል፣ መያዝና ማነቅ ነው። ሁለተኛው ዓይን መውጋት፣ ጉሮሮ መምታት፣ መገጣጠሚያ መስበርና ይህን የመሳሰለው ነው። ከዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። የባልንጀራን ዓይን እየወጉ መለማመድ አይቻልም። ስለዚህ አደገኛው ክፍል የሚጠናው ካታ በሚባል ዘዴ ነበር፤ አንዱ እንደሚያጠቃ ይሆናል፤ ሌላው እንደሚመክት ይሆናል፤ ሁለቱም የሚሆነውን አስቀድመው ያውቃሉ። ከጭፈራ የሚለየው ጥቂት ነው።

ካኖ በ1882 ገና በ21 ዓመቱ ቶክዮ ውስጥ ኤይሾጂ ከሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ 12 ምንጣፍ በሚነጠፍባት ክፍል ውስጥ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ኮዶካን አለው። የመጀመሪያ ተማሪዎቹ 9 ነበሩ። ትምህርቱንም ጁዶ ብሎ ሰየመው። አደገኛውን ምት በካታ ውስጥ አስቀርቶ የቀረውን ራንዶሪ ለሚባለው ነፃ ልምምድ አዋለው። በራንዶሪ ሁለቱ ሰዎች የሚሆነውን አያውቁም። አንዱ ሊጥል ይታገላል፤ ሌላው ላለመውደቅ ይታገላል። ነፃ ልምምድ ከካኖ በፊትም በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ነበረ፤ ካኖ ግን የትምህርቱ ምሰሶ አደረገው። ከመጣል በፊትም መውደቅን አስተማረ፤ አገጭን ወደ ደረት አስጠግቶ፣ በክንድ መሬቱን መትቶ፣ ጭንቅላትን አድኖ መውደቅን።

ብዙ ሰው ካኖ ጥበቡን አለሰለሰው፣ ጥርሱን አወለቀው ብሎ አምቶታል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ካኖ ራሱ እንደ ተረከው፣ በ1880ዎቹ የቶክዮ ፖሊስ ባዘጋጀው ግጥሚያ የኮዶካን ልጆች አደገኛውን ጥበብ እናውቃለን የሚሉትን የድሮ ትምህርት ቤቶች ረቱ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የኮዶካን ተማሪ በየቀኑ እሺ ከማይል ሰው ጋር ይታገላል። ሌላው «ገዳይ» የተባለውን ምት ሺህ ጊዜ ቢያጠናውም እምቢ ባለ ሰው ላይ አንድ ጊዜም ሞክሮት አያውቅም።

በአገራችን ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሰው ይህን ያለ መምህር ያውቀዋል። እረኞች በመስክ ላይ ትግል ሲገጥሙ ዓይን መውጋት ነውር ነው፤ ጀርባ መሬት ከነካ በቃ። በዚያ ትግል ያደገ ልጅ ግን በገበያ ግርግር ማንም በቀላሉ አይጥለውም። ደንብ ያለው ጨዋታ ደካማ ነው ማለት አይደለም። ደንብ ስላለው በየቀኑ ከልብ ሊጫወቱት ይቻላል፤ ከልብ የተጫወቱት ነገር ከሰውነት ይዋሐዳል።

ካኖ በሙያው መምህር ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ከ1893 ጀምሮ በመሐሉ እየተቋረጠም ቢሆን እስከ 1920 የቶክዮ ከፍተኛ መምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበር። እኛም የመምህራን ማሠልጠኛ ውጤቶች ስለሆንን ይህ ደስ ይለናል። ከማሠልጠኛው የያዝነው አንድ መመሪያ አለ፤ ተማሪው ያወቀው ያልነውን የደገመ ዕለት ሳይሆን፣ እኛ ያላልነውን ጥያቄ የመለሰ ዕለት ነው። ራንዶሪም ከዚህ የተለየ አይደለም።

የኦኪናዋ መምህራን

የካራቴ አገር ከጃፓን በስተደቡብ ያለችው የኦኪናዋ ደሴት ናት። እዚያም ነገሩን ወደ አደባባይ ያወጡት አስተማሪዎች ናቸው። ኢቶሱ አንኮ የተባሉት ሽማግሌ ከ1901 ጀምሮ ካራቴን በደሴቲቱ ትምህርት ቤቶች እንደ ሰውነት ማጠንከሪያ ትምህርት አስገቡት። ለልጆችም እንዲመች ፒናን የሚባሉ አምስት ካታዎች አዘጋጁ። ትርጉሙ ሰላምን የሚነካ ቃል ነው። ልጆች እንዳይጎዳዱ አደገኛው ነገር ተሸፋፈነ፤ ትምህርቱም በሰልፍ፣ በቁጥርና በትእዛዝ ሆነ።

ደቀ መዝሙራቸው ጊቺን ፉናኮሺም የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። በ1922 ወደ ቶክዮ ሄዶ ካራቴን አሳየ። ካኖም በኮዶካን እንዲያሳይ ጋበዘው። ፉናኮሺ በካራቴ ቀድሞ መምታት የለም የሚለውን ትምህርት የሕይወቱ መመሪያ ያደረገ ሰው ነው። ነፃ ግጥሚያ አልወደደም። ግጥሚያውን ያመጡት ወጣት ተማሪዎች ሲሆኑ፣ በጃፓን ካራቴ ማኅበር የአገር አቀፍ ውድድር የተደረገው በ1957 ነው። እዚያም ቢሆን ቡጢው ከተጋጣሚው ፊት ጥቂት ሲቀረው መቆም ነበረበት።

አሁን የካምፓችን ወጣቶች የሚሠሩትን እንመልከት። በሰልፍ ቆመው፣ በቁጥር፣ በአንድ ድምፅ አየር ይመታሉ። ይህ የጥንት ተዋጊዎች ምሥጢር ሳይሆን፣ ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ለተማሪ ልጆች ጤናና ሥነ ሥርዓት ተብሎ የተዘጋጀ የትምህርት ቤት ጂምናስቲክ ነው። በዚህ ማንም ሊያፍር አይገባም። ሰውነትን ያጠነክራል፤ ሥራ አጥቶ የሚውልን ልጅ ከመጥፎ ነገር ይጠብቃል። ግን ለሌላ ነገር የተሠራ ዕቃ ነው። በጭልፋ ጉድጓድ አይቆፈርም።

የሲኒማ ውሸት

ታዲያ ይህ የትምህርት ቤት ትምህርት እንዴት የገዳዮች ጥበብ ሆነ? ትልቁን ድርሻ የያዘው ሲኒማ ነው። ብሩስ ሊ በ1971 እና በ1973 መካከል በሠራቸው ጥቂት ፊልሞች የዓለምን ወጣት ሁሉ አስከተለ። በሐምሌ 1973 ሞተ፤ ፊልሞቹ ግን በየአገሩ ሲኒማ ቤት፣ በኋላም በየመንደሩ ቪዲዮ ቤት ዞሩ። እስከ ዛሬ በእኛም ካምፕ በሸራ ቤት ውስጥ ይታያሉ።

ብሩስ ሊ ጎበዝ ነበር። እርሱ ራሱ ግን ሳይታገሉ ካታ ብቻ መደጋገምን ከሚነቅፉት አንዱ እንደነበረ፣ መከላከያ ለብሶ በእውነተኛ ምት ይለማመድ እንደነበረ ተከታዮቹ አያነሡትም። ፊልሙ የሚያሳየን ሌላ ነው። አሥር ሰዎች አንዱን ከበው ተራ ጠብቀው አንድ በአንድ ይመጣሉ። ቢላዋ የያዘው አንድ ጊዜ ብቻ ሰንዝሮ እጁን ዘርግቶ ይቆያል። ተመትቶ የወደቀ አይነሣም። ጀግናው አይንቀጠቀጥም።

በእውነቱ ዓለም ሰው ሲደነግጥ ልቡ ይመታል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ጣቶቹ ረቂቅ ሥራ ያቅታቸዋል፤ ዓይኑ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል። በሜዳ ላይ በአሥራ ሁለት ደረጃ የተማረው ነገር በዚያች ሰዓት ከራሱ ላይ ይጠፋል። የሚቀረው ቀላሉና ብዙ ጊዜ የተደጋገመው ብቻ ነው።

ይህን በገዛ ገላው የተማረ አንድ ሰው አለ። ዊልያም ፌርቤርን የሚባል እንግሊዛዊ በ1907 በቻይና ሻንጋይ ከተማ የፖሊስ ሠራዊት ውስጥ ገባ። በሥራው መጀመሪያ ላይ ወንበዴዎች ደብድበው ለሞት አቅርበውት ነበር። ከዳነ በኋላ ጁጂትሱና ጁዶ ተማረ፤ በ1926 ለፖሊሶች የሚሆን መጽሐፍ አወጣ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ኮማንዶዎችን አሠለጠነ። ብዙ ጥበብ የተማረው ይህ ሰው በመጨረሻ ያስተማረው ግን ጥቂት ነገር ነው፤ በመዳፍ አገጭን መምታት፣ በእጅ ጠርዝ መምታት፣ በጉልበት መምታት። ሌላውን ለፍርሃት ሰዓት አይሆንም ብሎ ተወው። ደግሞም አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ከፌርቤርን ጀርባ ጠመንጃ፣ ሕግና የፖሊስ ሠራዊት ነበረ። ከስደተኛ ጀርባ ምን አለ?

ጥይት የማይበሳው ገላ

በታሪክ ውስጥ ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን የቴክኒክ ጉድለት አይደለም። ያልተፈተነ እምነት ነው።

በቻይና ሻንዶንግ ክፍለ አገር በ1890ዎቹ መጨረሻ ጎርፍና ድርቅ ተከታትሎ፣ የውጭ መንግሥታት ደግሞ አገሪቱን እየተቀራመቱ ሕዝቡ ተማረረ። ይሄቱዋን የሚባሉ፣ ፈረንጆች «ቦክሰሮች» ያሏቸው ገበሬ ወጣቶች ተነሡ። የቡጢ ልምምድንና የመንፈስ ጸሎትን አጣምረው መንፈስ ያደረበት ገላ ጥይት አይበሳውም ብለው አመኑ። በ1900 በቤጂንግ የውጭ ኤምባሲዎችን ለ55 ቀን ከበቡ። የስምንት አገሮች ጦር ነሐሴ 14 ቀን ከተማይቱን ያዘ። ጥይቱ ገላቸውን በሳው። ቻይና በሚቀጥለው ዓመት 450 ሚሊዮን ቴል ብር ካሳ እንድትከፍል ተፈረደባት።

ሁለተኛው ታሪክ የዚሁ የምሥራቅ አፍሪቃ ነው። ዛሬ ታንዛንያ በምትባለው፣ ያን ጊዜ የጀርመን ቅኝ ግዛት በነበረችው አገር ሕዝቡ ጥጥ እንዲያመርት ይገደድ ነበር። ንጋራምቤ በሚባል ቦታ ኪንጂኪቲሌ ንግዋሌ የተባለ ሰው ተነሥቶ የጀርመንን ጥይት ወደ ውሃ ይለውጣል የተባለ መድኃኒት ሰጠ። በስዋሂሊ ማጂ ማለት ውሃ ነው። በሐምሌ 1905 የማቱምቢ ሰዎች የጥጥ ተክል ነቅለው አመፁን ጀመሩ። ኪንጂኪቲሌን ጀርመኖች በነሐሴ መጀመሪያ ሰቀሉት። ነሐሴ 30 ቀን በሺህ የሚቆጠሩ ተዋጊዎች በማሄንጌ ምሽግ ላይ በሚነፉ መትረየሶች ፊት እየሮጡ መጡ። አመፁ በ1907 ሲያበቃ፣ ጀርመኖች እህሉን ስላቃጠሉት ረኃብ ተከተለ። የሟቾቹን ቁጥር የታሪክ ሰዎች ከ75,000 እስከ 300,000 ያደርሱታል።

በእነዚህ ሰዎች ልንስቅ አንችልም። በደላቸው እውነት ነበር፤ ጀግንነታቸውም እውነት ነበር። ከዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር ለይተን እንይ። የማጂ ውሃ ጥይት አላቆመም። ይሁን እንጂ ቀድሞ ተለያይተው ይኖሩ የነበሩትን ብዙ ጎሣዎች አንድ አድርጎ አስነሣ፤ ጀርመኖችን ያስደነገጣቸውም ይህ አንድነት ነበር። ኃይሉ የነበረው በአንድነቱ ነው፤ ሞቱ የመጣው ውሃውን በማመኑ ነው። ዛሬ ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ ልጅ «እኔን ቢላዋ አይነካኝም» ሲል ስንሰማ የምንፈራው ይህንኑ ውሃ ነው።

ከሰል የተቀባው ዱላ

ታሪክ ማንበብ ብቻውን አላረካንም። የቡድኑን አሠልጣኝ አስፈቅደን አንድ ሙከራ አደረግን። ከቡድኑ ጎበዝ የተባለው ልጅ ነጭ ካናቴራ ለበሰ። ለሌላው ልጅ የቢላዋ ቁመት ያላት እንጨት ጫፏን በከሰል ቀብተን ሰጠነው። «እንደ ልምምዱ ቀስ ብለህ አትሰንዝር፤ እንዳሻህ አድርግ» አልነው።

አሥር ዙር ተደረገ። በስምንቱ ነጩ ካናቴራ በሆድና በጎን በኩል በጥቁር ተዥጎረጎረ። በሁለቱ ዙር ልጁ እንጨቷን አስጣለ፤ ከሁለቱ በአንደኛው ግን ክንዱ ላይ ረጅም ጥቁር መስመር ነበረ። ተመልካቹ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ ከአራተኛው ዙር በኋላ ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ልጁ እንዲሮጥ ፈቀድንለት። በአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ሰውየውን እንዳየ ዞሮ ሲሮጥ ከአሥሩ በስምንቱ ሳይነካ አመለጠ። የአያቶቻችንን የመሰለ ረጅም ዱላ ስንሰጠውም ከባዶ እጁ ይሻለው ነበር፤ ርቀት ይጠብቅለታልና። አሠልጣኙ የተከበረ ሰው ነው፤ አልተቆጣም። ካናቴራውን አንሥቶ ለልጆቹ ሁሉ አሳያቸውና፣ «ከዛሬ ጀምሮ በመጀመሪያ ሩጫ ነው የምንማረው» አለ።

በልምምድ ሜዳ ያለው አደጋ

ሌላም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ሰው የሚጎዳው በጠላት እጅ ብቻ አይደለም። በጃፓን ትምህርት ቤቶች ከ1983 እስከ 2011 ድረስ ከ100 በላይ ተማሪዎች በጁዶ ልምምድ ሳቢያ ሞተዋል። ብዙዎቹ የሞቱት ወደ ኋላ ተጥለው ጭንቅላታቸው በመጎዳቱ ነው። ከእነርሱም ገና መውደቅ ያልተማሩ ጀማሪዎች ብዙ ናቸው። በ2010 የተጎጂ ቤተሰቦች ማኅበር አቁመው ጮኹ። አሠልጣኞች ስለ ጭንቅላት አደጋ መማር ከጀመሩ በኋላ የሟቾቹ ቁጥር እጅግ ቀነሰ። ጌቶችም ቢሆኑ ከአደጋ አያመልጡም። በ1980 በጃፓን ውድድር ላይ ያሱሂሮ ያማሺታ የተባለው ታላቅ ጁዶኛ፣ ተጋጣሚው በሁለት እግሩ እንደ መቀስ ቆልፎ ሲጥለው እግሩ ተሰበረ። ያ አጣጣል በኋላ ከውድድር ታገደ።

የእኛ ሜዳ ጠጠር ነው። ምንጣፍ የለንም። ክሊኒካችን ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ለፈሰሰ ልጅ የሚያደርገው ነገር የለውም። ስለዚህ በጠጠር ላይ መጣል ፈጽሞ መቅረት አለበት። ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን ያዞረው፣ ያስመለሰው ወይም ያፈዘዘው ልጅ በዚያው ዕለት ማቆም አለበት፤ ለብዙ ቀንም ወደ ልምምድ አይመለስ። ይህን መናገር ፍርሃት አይደለም።

ሠላሳ ሴቶችና አንድ መጋረጃ

አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንመለስ። ሴቶቻችን ራሳቸውን መከላከል ይችላሉ ወይ? ታሪክ ይችላሉ ይላል፤ ግን ሲኒማው በሚለው መንገድ አይደለም።

በእንግሊዝ አገር ሴቶች የመምረጥ መብት ለማግኘት ሲታገሉ መሪያቸው ኤመሊን ፓንክኸርስት ነበሩ። መንግሥት በ1913 ባወጣው ሕግ በእስር ቤት የራብ አድማ ያደረጉትን ሴቶች ሲደክሙ ይለቃቸዋል፤ ሲያገግሙ እንደገና ይይዛቸዋል። ሕዝቡ «የድመትና የአይጥ ሕግ» አለው። ሴቶቹ መሪያቸውን የሚጠብቅ ሠላሳ ያህል አባላት ያሉት ቡድን አቋቋሙ። ጁጂትሱ ያስተማረቻቸው ኢዲት ጋረድ ቁመቷ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን አጭር ሴት ነበረች።

በየካቲት 1914 ፓንክኸርስት በለንደን ከአንድ ቤት ሰገነት ላይ ተናገሩ። ፖሊስ በሩን ከቦ ጠበቀ። ፊቷን በመጋረጃ የሸፈነች ሴት በጠባቂዎቹ ተከብባ ወጣች። ፖሊሶቹ ተናንቀው ያዟት፤ መጋረጃው ሲገለጥ ሌላ ሴት ሆና ተገኘች። እውነተኛዋ በሌላ በኩል ሄደዋል። በመጋቢት በግላስጎው ከተማ አዳራሽ ግን ነገሩ ጉልበት ለጉልበት ሆነ። ሴቶቹ በመድረኩ ዙሪያ ከአበባ በታች እሾሃማ ሽቦ ደብቀው፣ ቆመጥ ይዘው በጀግንነት ተዋጉ፤ ሆኖም የፖሊሱ ብዛት በለጠና መሪያቸው ተያዙ። ብልሃትና አብሮ መሆን የሠራውን ጉልበት አልሠራውም። የጁጂትሱ ጥቅም ሴቶቹ እንዳይፈሩና እንዳይበታተኑ ማድረጉ ላይ ነበር።

ከዚህ ዘመንም አንድ ማስረጃ እንጨምር። በ2015 በካናዳ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች 893 ሴት ተማሪዎችን ያሳተፈ ጥናት ታተመ። አንዱ ቡድን የ12 ሰዓት ትምህርት ተሰጠው፤ ሌላው ብሮሹር ብቻ አገኘ። ከአንድ ዓመት በኋላ የመደፈር አደጋ የደረሰባቸው ብሮሹር ካገኙት መካከል ከመቶ 9.8 ሲሆኑ፣ ከተማሩት መካከል ከመቶ 5.2 ሆኑ። ትምህርቱ ስለ ምን ነበር? መማታት አንዱ ክፍል ብቻ ነበር። የቀረው አደጋን ከሩቅ ማወቅ፣ ይሉኝታን ጥሎ በኃይለኛ ድምፅ እምቢ ማለት፣ ከዚያም የሚያጠቃው ብዙውን ጊዜ የሚያውቁት ሰው መሆኑን መረዳት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ካምፕ አይደለም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የመጨረሻው ነጥብ እዚህም ያሳስበናል። አደጋው ሁሉ ከወንዙ ማዶ ነው ያለው ማነው? በውሃ ሰልፍ ላይ፣ በጎረቤት ድንኳን ውስጥስ የለም ወይ?

የደረስንበት

እንግዲህ ለጠየቁን እናት መልሳችን ይህ ነው። እማማ፣ ልጅዎ የሚማረው ነገር ሰውነቱን ያጠነክራል፤ ከባልንጀሮቹ ጋር ያስተባብረዋል። ቢላዋ ያስጥላል ብለን ግን አንምልልዎትም። ያስጥላል ብሎ ካመነ ያን ጊዜ ሊያሳጣዎት ይችላል።

ለቡድኑ ወጣቶች ደግሞ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ጥንካሬያችሁ ብዛታችሁ ነው። ማገዶ ለቃሚዎች በተወሰነ ቀንና ሰዓት፣ ሃያና ሠላሳ ሆነው፣ እናንተም ከፊትና ከኋላ ሆናችሁ፣ ፊሽካ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለተኛ፣ ልምምዳችሁን በማይታዘዝ ሰው ላይ ፈትኑት፤ ከመያዝ ማምለጥን፣ ወድቆ መነሣትን፣ መጮኽንና መሮጥን አስቀድሙ፤ እኅቶቻችሁንም አስተምሩ እንጂ ጠባቂ ብቻ አትሁኑላቸው። ሦስተኛ፣ የአካባቢው ሰው ልጅ በእጃችሁ ቢቆስል ነገሩ በእናንተ አይቆምም። ወንድሞቹ ይመጣሉ፤ ሁላችንም እንከፍላለን። ስለዚህ ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋር መነጋገር ከልምምዱ የሚቀድም መከላከያ ነው። ሴቶቻችን በተጠቁ ጊዜ ለማን እንደሚነገርና ማን እንደሚጠየቅ ከእነርሱ ጋር መወሰን አለበት።

የሚሸሽ ሰው ፈሪ ይባላል ብለው የሚከራከሩን አሉ። እኛ ሁላችን ከዚህ ካምፕ የደረስነው ሸሽተን ነው። መሸሻችን ልጆቻችንን አተረፈልን። በዚህ ማፈር ያለብን አይመስለንም።

በመጨረሻም አንባብያን አንድ ይቅርታ እንዲያደርጉልን እንለምናለን። ከዚህ ጽሑፍ ቅጂዎች አንዳንዶቹ ፊደላቸው ያጋደለ ነው። የገለበጠልን መጀመሪያ ላይ የጠቀስነው ተማሪያችን ነው፤ በግራ እጁ ነው የጻፈው። ልግለብጠው ብሎ የጠየቀንም እርሱ ራሱ ነው።